የድልድዩን ኮድ ማን ይሰርዝ?

«አንቺ ነሽ የሰረዝሽው?»

ቀና ስል አንድ ረጅም ሰው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሟል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ሥራ የጀመርኩት በዚያው ጠዋት ስለነበር ማን እንደሆነ አላወቅኩም።

«ምኑን?» አልኩት።

«የድሮውን የርቀት ስሌት። ቅድም ነበረ፤ አሁን የለም።»

«እሱማ ተኝቶ ነው የቆየው! የሚጠራው የለም፣ የሚሠራው የለም። ምን ያደርግልሃል?»

«ሊያስፈልግ ይችላል።»

«መቼ?»

ትንሽ አሰበና «አንድ ቀን...» ብሎኝ ሄደ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ የሰረዝኩት ሁሉ ቦታው ላይ ተመልሶ ጉብ ብሏል። እንዴት እንደተናደድኩ!

እኔ መጣል የምወድ ሰው ነኝ። የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ጓደኛ ያጣ ካልሲ ካየሁ እጄን ይበላኛል። በኮድም ያው ነኝ። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የማይፈልጉትን ቁራጭ ከማጥፋት ይልቅ ማብሪያውን ዘግተው እዚያው ይተዉታል። እኛ «ማስተኛት» እንለዋለን። አንዱ ያስተኛል፣ ሌላው ያስተኛል፤ ውሎ አድሮ ቤቱ ከሚሠራው ይልቅ የሚያንኮራፋው ይበዛበታል።

ሥራችን ደግሞ የጨዋታ አልነበረም። የአምቡላንስ አገልግሎት ነው። ከኛ በታች ባለው ፎቅ ስልክ የሚያነሱ ሴቶች አሉ። ሰው ሲደውል አድራሻውን ይጽፋሉ፤ የኛ ፕሮግራም ቅርብ ያለውን መኪና መርጦ ይልካል።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ጠራችኝ። «እዚህ ቤት ማንም ብቻውን አይሰርዝም» አለችኝ። «መሰረዝ የፈለገ ጥያቄ ያቀርባል። ሌላ ሰው እያንዳንዷን መስመር አንብቦ "አይቻለሁ" ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚሄደው። ያንቺን የሚያይልሽ ጎተራው ነው።»

«ጎተራው?»

«ሹራቡ የተቀደደው።»

የገባለት ነገር አይወጣም ለማለት ነበር እንዲህ የሚሉት። እኔም ሳምንት ሳይሞላኝ «መጥረጊያ» ተባልኩ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባችን፣ ሥራ ከሁላችን ቀድሞ ስለሚጨርስ «ጥድፊያ» የምንለው፣ በሳቅ ሞተ። «ጎተራና መጥረጊያ! መጨረሻችሁን ያሳየኝ!» አለን።

መጨረሻችንን አየ። ባያይ ይሻለው ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የጽዳት ሰዓት አበጀን። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል። እኔ «ይሄ ይውጣ» እላለሁ። እሱ ያንን ቁራጭ ማን እንደጻፈው፣ በምን ጭንቅ ጊዜ እንደተጻፈ ያጫውተኛል። ይሟገተኛል። በመጨረሻ ይሸነፍልኛል።

«ጨካኝ ነሽ» ይለኛል።

«አንተ ደግሞ ቆሻሻ ሰብሳቢ ነህ።»

«ሰው ላቡን ያፈሰሰበት እኮ ነው!»

«ላቡን እናመሰግናለን። ይውጣ!»

ይስቃል። ሲስቅ ዐይኖቹ ይጠፋሉ። መጀመሪያ ሳቁን ለመድኩት፤ ቀጥሎ ናፈቅኩት። ረቡዕ ላይ ለሐሙስ የምለብሰውን መምረጥ ጀመርኩ... እኔ! የሚሰረዘው እያለቀ ሲመጣ ደግሞ ቀስ ማለት አመጣሁ። በአንድ ሐሙስ የምጨርሰውን ለሦስት ሐሙስ አካፍለው ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ዝናብ ያዘን። አውቶቡስ መጠበቂያው ጥግ ተጠጋግተን ቆምን። ሲያንጎራጉር ቆይቶ ድንገት ዞረብኝ።

«ሐሙስ ብቻ አይበቃኝም» አለኝ።

«ምን?»

«ሐሙስ ብቻ አይበቃኝም። ሰኞንም... እሁድንም... ሁሉንም ቀን ነው የምፈልገው።»

እጄን ሰጠሁት። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ሌላም መጥቶ ሄደ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነው፤ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ቁጭ ብሎ ይሰፋል። እናቴ ገና ሳላውቃት ስለሞተች እናትም አባትም እሱ ነው። ልቡ ደካማ ስለሆነ መድኃኒቱ ከኪሱ አይለይም። ጎተራውን ይዤ ስሄድ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየው።

«ልጄ፣ ሹራብህን አውልቅ» አለው።

«ምነው አባባ?»

«ልጄን ልትወስድ የመጣኸው በተቀደደ ሹራብ ነው?»

አወለቀ። አባዬ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ ክርኑን ሰፋለት፤ ቀዳዳው የት እንደነበረ አይለይም። እንግዳችን ከሄደ በኋላ ጠየቀኝ።

«እቃ የማይጥል ሰው ነው አልሽኝ?»

«አዎ አባዬ። ምን ይሻለዋል!»

«ተይው። እንዲህ ያለው ሰው፣ ሰውም አይጥልም።»

በነጋታው የሠርግ ልብሱን መስፋት ጀመረ። ልኩን እንኳ አልወሰደም፤ በዐይኑ ለክቶታል።

ጎተራው አንድ ነገር ብቻ አልለቅ አለኝ፤ የድልድዩን ኮድ። ከዓመታት በፊት ትልቁ ድልድይ ለጥገና ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ፣ እዚያው ማዶ ወዳለው አሮጌ ጣቢያ እንዲሄድ ተብሎ የተጻፈ ነው። ድልድዩ ሲከፈት ማብሪያው ተዘጋና ኮዱ ተኛ። ውሎ አድሮ አሮጌው ጣቢያ ራሱ መኪናዎቹ ወጥተው የጎማ መጋዘን ሆነ። ይሰረዝ ብዬ ደጋግሜ ጥያቄ አቀረብኩ። ሌላውን ሁሉ ሲያይልኝ ያንን ብቻ «አይቻለሁ» አይልም።

አንድ ቀን ከምሳ ቀደም ብዬ ስመለስ ብቻውን ተቀምጦ ያንኑ ኮድ ያነባል። አናቱ ላይ የጻፈው ሰው መጠሪያ አለ፦ «ወፊቱ» ይላል። ሲያየኝ ቶሎ ዘጋው። ዐይኖቹ ረጥበዋል።

«ወፊቱ ማን ናት?»

«የድሮ ባልደረባ።»

«ባልደረባ ብቻ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቅናት አንገበገበኝ። ይደዋወላሉ፣ ይገናኛሉ፣ እኔ የሰው ቦታ ላይ ነው የተቀመጥኩት... ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። የዚያን ሳምንት ሐሙስ አኮረፍኩት። ወንበሩን ስቦ ሲመጣ ተነስቼ ወደ ስልክ ክፍሉ ወረድኩ። እዚያ ከሁሉም ታላቅ የሆኑ፣ እትዬ የምንላቸው ሴት አሉ።

«እትዬ፣ ወፊቱን ያውቋታል?»

የጆሮ ማዳመጫቸውን አወለቁ። «አልነገረሽም እንዴ የኔ ልጅ? እጮኛው ነበረች እኮ። ያንን የድልድዩን ሥራ ታማ ነው የጨረሰችው። የሠርጋቸውን ቀን ቆርጠው ነበር፤ አልደረሰችበትም።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ። በደበዘዘው ቀለም መሀል አንድ ክብ ቦታ ነጥቶ ይታያል።

«እዚያ ጋ ደወል አሰቅላ ነበር። "መኪና ያልተነሳለት ጥሪ ካለ ይጮህላችኋል" ትለን ነበር። ስልኮቹ ሲቀየሩ አወረዱት።»

ፊቴን የት ልደብቀው! በሞተች ሴት ቀንቼ አኩርፌያለሁ። ወደ ላይ ስወጣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገኘሁት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስናገረው... የሞተች ይመስለኛል።»

«ሞታለች እኮ፣ የኔ ጌታ።»

«አውቃለሁ።»

እጁን ያዝኩት። «ብንሰርዘውም አይጠፋም» አልኩት። «የተሰረዘ ሁሉ የለውጥ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል። ደስ ባለህ ቀን ከፍተህ ታነበዋለህ። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?»

«መዝገብ ውስጥ ያለ የሄደ ነው። እዚህ ሲሆን ግን... ጠዋት ፕሮግራሙ ሲነሳ አብራ ትነሳለች። ሥራ የላትም እንጂ አለች።»

አንጀቴን በላው።

«ራሴ እሰርዘዋለሁ» አለኝ። «ከሠርጋችን በፊት። ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጪኝ።»

«ውሰድ። እጠብቅሃለሁ።»

ጥያቄዬን ዘጋሁት። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ይቆይ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ከምንጊዜውም በላይ ወደድኩት።

ዝናቡ በረታ። ወንዙ እየሞላ ታችኛውን መንገድ ስላስቸገረ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሾፌሮቹን የሚያስጠነቅቅ ቁልፍ ይሠራልን ብለው ከስልክ ክፍል ጠየቁ። ሥራው ለጥድፊያ ተሰጠው። አዲስ ቁልፍ ለመሥራት አዲስ ማብሪያ ያስፈልጋል፤ ማብሪያው ደግሞ ቀን ይፈጃል። ሲፈልግ የድልድዩን ማብሪያ አገኘ። ዓመታት ሙሉ ማንም አልነካውም።

«ባዶ ማብሪያ ተቀምጦ ለምን ሌላ እሠራለሁ?» አለና አዲሱን ሥራውን በዚያ ላይ ቀጠለው። ሞከረው፤ ሠራ። አለቃችን የጻፈውን አንብባ «አይቻለሁ» አለች። የጻፈውን ነው ያየችው፤ ከማብሪያው ጀርባ የተኛውን ያየ የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ተዘጋ። እትዬ ቁልፉን ተጫኑት። ሾፌሮቹ ማስጠንቀቂያው ደረሳቸው፤ ሁሉም ደህና መሰለ። የዚያኑ ጊዜ የድልድዩ ኮድ ነቃ።

እኔ ላይ ፎቅ ሥራዬን ይዣለሁ። ስልኬ ጠራ። የጎረቤታችን ድምፅ ነው።

«አባትሽ ወድቋል! አምቡላንስ ጠርተናል፣ ተልኳል ይሉናል፤ መኪና ግን የለም! ኧረ ድረሺልን!»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። «እትዬ! የአባዬ ጥሪ!»

«ተልኳል ልጄ፣ ይኸው!» ስክሪናቸው ላይ በአረንጓዴ «ተልኳል» ይላል።

«የት ነው የተላከው?»

ተጫኑት። አሮጌው ጣቢያ። ጎማ እንጂ ሰው የሌለበት መጋዘን።

ዞር ስል ጎተራው ተከትሎኝ ወርዶ ከኋላዬ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። «የድልድዩ...» አለ፤ አልጨረሰውም። ማብሪያውን ሊዘጋ ወደ ላይ ሮጠ። እትዬ ቅርብ ላለው ሾፌር በሬዲዮ ጮሁ። ከማዶ የመጡት ሌሎች ጥሪዎችም እዚያው ተከማችተው ስለነበር አንድ በአንድ ላኩላቸው። ሌሎቹ ተረፉ።

አባዬ ሆስፒታል ሲደርስ ትንፋሹ ነበረ። ወዲያው አለፈ። ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ መነጽሩን አወለቀ።

«ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ...» አለኝ።

የቀረውን እኔ ጨረስኩት።

ቤት ስገባ ስፌት መኪናው ላይ የሠርጉ ኮት ተዘርግቷል። መርፌው እንደተሰካ ነው። አንዱ እጅጌ ተሰፍቷል፤ አንዱ ቀርቷል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባዬን አባብዬ የማስቀረው ይመስል ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩ።

ቢሮ ውስጥ የሆነውን ኋላ አለቃችን ነገረችኝ። ጥድፊያ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ነበር። ጎተራው ተነስቶ «እሱን ተዉት» አላቸው። «ማብሪያውን የነካው እሱ ነው። እዚያ የተወው ግን እኔ ነኝ።»

ለቅሶው ሲያበቃ ቤት መጣ። በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩበት። ዝናቡ ያንን ሹራብ አበስብሶታል።

«አትግባ» አልኩት።

«አልገባም። ለማየት ነው...»

«ለምን አልሰረዝከውም?»

አቀረቀረ።

«ጊዜ ስጪኝ አልከኝ። ሰጠሁህ። ለካ የአባዬን ነው የሰጠሁህ!»

«እኔ ልሙት...» አለ። ዝናቡ ውስጥ ትንሽ ቆየና ሄደ። በሩን ዘግቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ተደገፍኩት። ጠላሁት። ደግሞ ዝናብ መታው ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት ይገባሉ!

ወደ ሥራ የተመለስኩ ቀን አንድ ጥያቄ ይጠብቀኝ ነበር። «የድልድዩ ኮድ ይሰረዝ» ይላል። ያቀረበው እሱ። እንዲያይ የተመረጠው ሰው እኔ። ማብሪያውን በዚያው ቀን ነቅለውታል፤ ኮዱን ግን ማንም ሳያነብ አልሰርዝም ብሎ አቆይቶታል።

አለቃችን ትከሻዬን ነካችኝ። «ሌላ ሰው ላድርገው?»

«አይ። እኔ ነኝ የማየው።»

ልጠላው ነበር የከፈትኩት። አቃተኝ። ወፊቱ ጥንቅቅ ያለች ሠራተኛ ነበረች፤ አንዲት የተዝረከረከች መስመር የላትም። የጻፈችው ጣቢያው በመኪናና በሰው በተሞላበት ጊዜ ነው። ቤቱ ሁሉ ሲለወጥ እሷን ብቻ እንደነበረች አስቀመጧት። ከታች ደግሞ ለየት ያለ ቁራጭ አገኘሁ። ጣቢያው ለጥሪው መልስ ካልሰጠ፣ ስልክ ክፍሉ ያለው ደወል ይጩህ ይላል። ዝም ከተባለ፣ እንደገና ይጩህ። እንደገና።

የዚያን ቀን የሆነውን የሚያሳየውን መዝገብ ከፈትኩ። አባዬ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ይቺ መስመር ደወሉን ስትጠራ ነበር። ደጋግማ ጠርታዋለች። ግድግዳው ላይ ግን ደወል አልነበረም።

ላላየኋት ሴት አለቀስኩ። ለአባዬ ሲጮህለት የነበረ አንድ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። እንባዬን ጠርጌ «አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። የድልድዩ ኮድ ወጣ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ደወሉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ለአንድ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም፤ መኪና ያልተነሳለት ማንኛውም ጥሪ ካለ ይጮሃል። እትዬ አዲስ ደወል አስመጥተው እዚያችው የነጣችው ክብ ላይ አሰቀሉት። እንዲያይልኝ የመረጥኩት ጎተራውን ነው።

ሐሙስ ነበር። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ የመጨረሻ ቀኑ መሆኑን ሰምቻለሁ። ወንበሩን ስቦ መጣና ከወትሮው ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እያንዳንዷን መስመር ቀስ ብሎ አነበበ።

«የሷ ነው» አለኝ።

«የሷ ሐሳብ ነው። አሁን ግን ሰው ያውቀዋል፣ በየሳምንቱ ይሞክሩታል።»

ራሱን ነቀነቀ። ክርኑን አየሁት፤ የአባዬን ስፌት ፈለግኩ፣ አልታየኝም።

«ይቅር ትይኛለሽ?» አለኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

«እንግዲያስ...»

«አትጨርሰው» አልኩት። «አንተ ስትገባ አባዬን እጠብቃለሁ። ስትስቅ ያ ጠዋት ይመጣብኛል። እወድሃለሁ... እሱን አልዋሽህም። አብሬህ መኖር ግን አልችልም።»

«ኮቱስ?» አለኝ፤ እትዬ ነግረውት ኖሯል።

«ልጥለው አልቻልኩም። እኔ! ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ማታ ማታ እያወጣሁ አየዋለሁ። ያን ጊዜ ገባኸኝ።»

«ታዲያ እኔ ልውሰደው?»

«አይሆንም። አንተም ሣጥን ውስጥ ነው የምታስተኛው። እጅጌውን ሌላ ሰፊ ይጨርሰዋል። ያንተን ቁመት የሚያክል ሙሽራ ፈልጌ እሰጠዋለሁ። ይለበስ።»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። ዐይኖቹ ግን እንደ ድሮው አልጠፉም፤ ተሞልተው ነበር። «ጨካኝ ነሽ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተ ደግሞ ቆሻሻ ሰብሳቢ ነህ» ልለው ፈለግኩ። በምትኩ ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋሁለት።

እጁን ዘርግቶ «አይቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ቦርሳውን አነሳ። ከሁሉም ጋር ተሰነባበተ፤ ጥድፊያን ግን ረጅም ጊዜ አቀፈው። ደረጃውን ሲወርድ አላየሁትም፤ ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዙሬ ነበር።

ከታች እትዬ ጮክ ብለው ጠሩኝ። «ልሞክረው ልጄ?»

«ይሞክሩት እትዬ!»

የሐሰት ጥሪ አስገቡ፤ መኪና አላነሱለትም። ጥቂት ቆየና ደወሉ ጮኸ። ኃይለኛ ነው! ስልክ ክፍሉ በሙሉ ቀና አለ። ጠረጴዛ ያናውጣል፣ መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ የማይሰማው ሰው የለም።

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እሱ ግቢው በር ላይ ደርሶ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ቆመ። አልዞረም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። እትዬ ደወሉን ሲያጠፉት ሹራቡን አስተካክሎ ወጣ።